የዓይን ውስጥ ሜላኖማ፦ የአባቴ ዓይን ይውጣ ወይስ በሬ ሸጠን ውጭ እንውሰዳቸው?

ጥያቄ፦ «አባቴ 62 ዓመታቸው ነው፤ በተሁለደሬ ወረዳ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የግራ ዓይናቸው ከአንድ ዓመት ወዲህ እየደበዘዘ ሄዶ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው፤ እኛም የዓይን ሞራ መስሎን ቆየን። ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ስላመማቸው ደሴ ወሰድናቸው። በአልትራሳውንድ ታይቶ ከዓይኑ ውስጥ 11 ሚሊ ሜትር ከፍታና 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው እንጉዳይ የመሰለ ዕጢ እንዳለ፣ ሜላኖማ የሚባል ካንሰር ሳይሆን እንደማይቀርና ዓይኑ መውጣት እንዳለበት ተነገረን፤ ወደ አዲስ አበባም ሪፈር ተጻፈልን። ቤተሰቡ ግን አልተስማማም። ሜላኖማ የቆዳ ካንሰር ነው ይባላል፣ አባቴ ደግሞ ገላቸው ላይ አንድም ጥቁር ነጥብ የለም። በሁለቱም ዓይናቸው ነጭ ክፍል ላይ ግን ከጥንት ጀምሮ ቡናማ ነገር አለ፤ ካንሰሩ እሱ ይሆን? አጎቶቼ ካንሰር ብረት ከነካው ይዛመታል ይላሉ፤ ከዘመዶቻችን መካከል ጸበል ይቅደም የሚሉም፣ ዱዓ ይደረግ የሚሉም አሉ። ሪያድ ያለችው እህቴ ደግሞ በውጭ አገር ዓይን ሳይወጣ በጨረር ይታከማል፣ በሬዎቹን ሸጣችሁ ሕንድ ውሰዱት ትላለች። የሚዋጥ መድኃኒትስ የለውም? ወደ ልጆቹስ ይተላለፋል?»

ምላሽ፦ ውሳኔውን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ላስረዳ። የተገለጸው መጠን ትክክል ከሆነ፣ ጉበታቸውም ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ ለአባትዎ የሚበጀው ዓይኑ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ይህም በወራት ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ መሆን አለበት። በሬዎቹ አይሸጡ። ዓይኑ ይውጣ የተባለው እናንተ ገንዘብ ስለሌላችሁ ወይም አገራችን ድኃ ስለሆነች አይደለም፤ ይህን የሚያህል ዕጢ የያዘ፣ ማየት ያቆመና የሚያም ዓይን በየትኛውም አገር ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው።

ሜላኖማ የቆዳ ካንሰር ብቻ ነው የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው ያሳስታል። በሽታው የሚነሣው ሜላኖሳይት ከሚባሉት፣ ለቆዳችን፣ ለፀጉራችንና ለዓይናችን ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት በቆዳ ላይ እንዳሉ ሁሉ በዓይን ውስጥም አሉ። የዓይን ግድግዳ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ ከውጭ ጠንካራው ነጭ ሽፋን፣ ከውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሬቲና፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ኮሮይድ የሚባለው፣ በደም ሥርና በቀለም ሕዋሳት የተሞላው ሽፋን አለ። በዓይን ውስጥ ከሚነሡት ሜላኖማዎች ከ10ሩ ወደ 9 የሚጠጉት የሚጀምሩት በዚህ በመካከለኛው ሽፋን ሲሆን፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ከፊት በኩል ባሉት የዓይን ቀለበትና ጡንቻ ላይ ይነሣሉ። ስለዚህ በገላ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ማርያም የሳመችው የሚባለው ምልክት መኖርም ሆነ አለመኖር ምርመራውን አያጸናውም፣ አያፈርሰውምም። የዓይኑ ዕጢ ከቆዳ የመጣ ሳይሆን እዚያው የበቀለ ነው።

በሁለቱም ዓይኖቻቸው ነጭ ክፍል ላይ ከጥንት ጀምሮ ያለው ቡናማ ነገር ከዚህ ሕመም ጋር የሚያገናኘው የለም። ቆዳችን ጥቁር ወይም ጠይም በሆነው ሕዝቦች ዘንድ በዓይን ነጭ ላይ፣ በተለይ በጥቁሩ ክፍል ዳር ዳር፣ ጠፍጣፋ ቡናማ ቀለም መታየቱ የተለመደ ነው፤ ከዕድሜ ጋር ሊጎላ ይችላል እንጂ ጉዳት የለውም። ጥንቃቄ የሚያሻው በአንድ ዓይን ብቻ የታየ፣ ከፍ ብሎ የወጣ፣ በወራት ውስጥ የሚያድግ ወይም በወፋፍራም ደም ሥሮች የተከበበ ነገር ሲሆን ነው። እንዲህ ያለው በእኛ አካባቢ ሜላኖማ ከሚሆን ይልቅ ከዓይኑ የላይኛው ሽፋን የሚነሣ ሌላ ዓይነት ካንሰር የመሆን ዕድሉ የሰፋ ነው። ያኛው ካንሰር ከፀሐይ ጨረርና ከኤችአይቪ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በጥቁር ሰዎች ላይ ራሱም ቀለም ስለሚይዝ ሜላኖማ መስሎ ያታልላል። በደጋው ወሎ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውል ገበሬ በዓይኑ ነጭ ላይ የበቀለ ሥጋ እያደገ ከሆነ ሊታይለት የሚገባውም ለዚህ ነው።

አሁን ቤተሰቡ ካነሣቸው ጥርጣሬዎች ሁሉ እኔም ቦታ ወደምሰጠው ልምጣ፤ እርሱም «በእርግጥ ሜላኖማ ነው ወይ?» የሚለው ነው። የዓይን ውስጥ ሜላኖማ በአዋቂዎች ዓይን ውስጥ ከሚነሡት ካንሰሮች ቀዳሚው ቢሆንም በጠቅላላው ግን ብርቅ በሽታ ነው። በነጮች ዘንድ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ውስጥ 5 ወይም 6 ሰው ያህል ሲይዝ፣ በጥቁሮች ዘንድ ግን ከሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። ብርቅ ነው ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ሆኖም አንድ በሽታ በሕዝቡ ዘንድ ብርቅ ሲሆን እርሱን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች ተራ በተራ መጣራት ይኖርባቸዋል። ከእነዚህም ዋነኞቹ ከሳንባ፣ ከጡት ወይም ከሌላ የሰውነት ክፍል ወደ ዓይን የተዛመተ ካንሰር፣ በኮሮይድ ውስጥ የቋጠረ የሳንባ ነቀርሳ ዕጢ፣ ከሬቲና በታች የተጠራቀመ ደም፣ ከደም ሥር የተሠራ ጉዳት የሌለው ዕጢ፣ እንዲሁም ሜላኖሳይቶማ የሚባለው፣ በጥቁሮች ዘንድ በርከት ብሎ የሚታይና አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ ድቡልቡል ጥቁር ዕጢ ናቸው። የነቀርሳ ዕጢ በመድኃኒት የሚድን በመሆኑ በስህተት ዓይን ማውጣት ከባድ ጥፋት ይሆናል።

ይሁን እንጂ የእንጉዳይ ቅርጽ መታየቱ ቀላል ምልክት አይደለም። ሜላኖማ ከኮሮይድ ተነሥቶ ሲያድግ ከላዩ ያለውን ቀጭን ሽፋን ይቀድና በቀዳዳው ሾልኮ ሰፋ ያለ ራስ ያወጣል፤ ይህ ቅርጽ በሌሎቹ በሽታዎች ላይ የሚታየው ከስንት አንድ ነው። የሬቲና ስፔሻሊስት ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ በመሣሪያ ሲመለከትና የአልትራሳውንዱን ውጤት ሲያክልበት ምርመራው አስተማማኝ ይሆናል። ልምድ ባላቸው ማዕከላት በዚህ መንገድ ሜላኖማ ነው ተብለው ከወጡት ዓይኖች መካከል በላቦራቶሪ ሌላ ነገር ሆነው የተገኙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። በዚህም ምክንያት እንደ ሌሎች ካንሰሮች አስቀድሞ በመርፌ ናሙና መውሰድ ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። ስለዚህ ሪፈሩን የጻፈውን ሐኪም መጠራጠር ሳይሆን በሪፈሩ መሠረት ሄዶ በሬቲና ስፔሻሊስት ማረጋገጥ ነው የሚገባው። የደረት ራጅና የደም ምርመራም የነቀርሳንና ከሌላ ቦታ የመጣን ካንሰር ጥርጣሬ ለማጥራት ይረዳሉ።

ሕመሙ አንድ ዓመት ሙሉ በዝምታ መቆየቱ ቤተሰቡን ሊያስወቅስ አይገባም። ይህ ዕጢ ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ከውጭ የሚታይ ምልክትም የለውም። አንዳንዱ ሰው ብልጭታ ወይም ከአንድ ወገን የመጣ ጥላ ያያል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዕይታው ቀስ እያለ ይደበዝዛል። የአባትዎ ዓይን ማመም የጀመረው፣ ሐኪሙ የዓይን ግፊቱን ለክቶ ሊያረጋግጠው ቢገባም፣ ዕጢው ስለገፋ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ ድረስ ግፊት የሚቀንስ ጠብታ እንዲታዘዝላቸው ይጠይቁ፤ አስም ካለባቸው ይህንኑ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ ቲሞሎል የተባለው የተለመደ ጠብታ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላልና። እግረ መንገዴን ለሌሎች አንባቢዎች የምለው አለ፦ ዓይን ሲደበዝዝ ሁሉ ሞራ ነው ብሎ መደምደም አደገኛ ነው፤ ሞራው ጥቅጥቅ ብሎ የዓይኑን ውስጥ ማየት ካልተቻለ ሞራው ከመገፈፉ በፊት አልትራሳውንድ መታየት አለበት።

«ብረት ከነካው ይዛመታል» የሚለውን የአጎቶችዎን ስጋት አልንቀውም፤ ሐኪሞችም ራሳቸው በአንድ ወቅት ጠይቀውታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዚመርማን የተባሉ አሜሪካዊ የፓቶሎጂ (ከሰውነት የወጣን ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሙያ) ሊቅና ባልደረቦቻቸው፣ ዓይን ከወጣ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የሞት ቁጥር ከፍ ሲል አይተው፣ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሕዋሳቱን በደም ውስጥ ይበትን ይሆን ብለው ጽፈው ነበር። ጥያቄው ከባድ ስለነበር በአሜሪካና በካናዳ ለብዙ ዓመታት በጥናት ተፈተነ። መካከለኛ መጠን ያለው ዕጢ የነበረባቸው 1,317 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው እኩሌቶቹ ዓይናቸው ወጣ፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ዓይናቸው ሳይነካ በጨረር ታከሙ። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ውጤት ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በአንዱ ወገን ከመቶ 81፣ በሌላው ከመቶ 82 ናቸው። ቢላ የሚበትነው ቢሆን ኖሮ ዓይናቸው የወጣው ሰዎች በብዙ በሞቱ ነበር። ዛሬ ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ፣ በኋላ በጉበት ላይ የሚታየው የካንሰር ዘር ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት፣ በደም አልፎ የሄደ መሆኑ ነው። እንግዲህ አደጋው ያለው በመቁረጡ ሳይሆን በመዘግየቱ ነው።

እህትዎ በጨረር ስለሚደረገው ሕክምና የተናገሩት እውነት ነው፤ የሚስማማው ግን ለአባትዎ ዓይን አይደለም። ከሕክምናዎቹ አንዱ ፕላክ ይባላል፤ ጨረር አመንጪ የሆነች ትንሽ ሳሕን ከዓይኑ ውጭ በዕጢው ትክክል ትሰፋና ለጥቂት ቀናት ቆይታ ትወጣለች። ይህ ሕክምና ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ከ10 ሚሊ ሜትር ከፍታ ባላለፈ ዕጢ ላይ ሲሆን፣ ዓላማውም ዓይንንና የተረፈውን ዕይታ ማዳን ነው። ዕጢው 11 ሚሊ ሜትር ሲሞላ ወደ ትላልቆቹ ምድብ ይገባል፤ ዕጢውን የሚገድል ጨረር ቢሰጥ እንኳ ዓይኑ በጨረሩ ጉዳትና በግፊት እየታመመ መጨረሻው ብዙ ጊዜ መውጣት ይሆናል። ከጠፋ ዕይታ የሚተርፍ ነገር ሳይኖር፣ በዕድሜያቸውም ላይ የሚጨምረው ሳይኖር፣ የቤቱን ጥሪት ማሟጠጥ ተገቢ አይደለም። ዕጢው ትንሽ፣ ዕይታውም ያለ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ ገንዘብ ተፈልጎ ፕላክ ወዳለበት መሄድ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የሚዋጥ ወይም በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት በዓይን ውስጥ ያለውን ዕጢ አያጠፋውም። ለቆዳ ሜላኖማ ብዙ ለውጥ ያመጡት አዳዲስ መድኃኒቶች የዓይኑን እምብዛም አይበግሩትም፤ ሁለቱ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ በሕዋሳቸው ውስጥ የተበላሸው ዘረመል የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደው ቴቤንታፉስፕ የተሰኘው መድኃኒትም የሚሰጠው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ለማይችል ወይም ወደ ሌላ ቦታ ለተዛመተ በሽታ፣ ያውም በደም ምርመራ የሚታወቅ የተወሰነ የሕዋስ ምልክት (የደም ዓይነት ከሚባለው የተለየ) ላላቸው ሰዎች ብቻ ሲሆን፣ ያስገኘው ጥቅምም በወራት የሚቆጠር ዕድሜ ነው። ለዓይኑ ዕጢ መድኃኒት አለኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አትስጡት።

ከሁሉ በላይ ልታውቁት የሚገባው የጉበትን ነገር ነው። በዓይን ውስጥ ሊምፍ የሚባለው የሰውነት ፈሳሽ መተላለፊያ ስለሌለ ይህ ካንሰር የሚጓዘው በደም ነው፤ ከተዛመተባቸው ሰዎች ከ10ሩ በ9ኙ ያህል ጉበት ላይ ይገኛል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ከመነሣታችሁ በፊት ደሴ ላይ የሆድ አልትራሳውንድ፣ የጉበት የደም ምርመራና የደረት ራጅ ይሠራላቸው፤ እዚያው የሚገኙ ምርመራዎች ናቸው። ጉበቱ ላይ ዕጢዎች ከተገኙ ምክሬ ይለወጣል፦ ያን ጊዜ ዓይን ማውጣት ዕድሜ አያራዝምምና የሚደረገው ሕመሙ በመድኃኒት አልታገሥ ካለ ብቻ ነው። ጉበቱ ንጹሕ ከሆነም ቢሆን ስጋቱ አያበቃም። ከላይ ያነሣሁት ጥናት ሌላኛው ክፍል፣ ትላልቅ ዕጢ የነበረባቸውና መዛመት ያልታየባቸው 1,003 ሰዎች የተሳተፉበት፣ ከ5 ዓመት በኋላ ከመቶው ወደ 60 የሚጠጉት በሕይወት መኖራቸውን አሳይቷል። ይህን ቁጥር ለአባትዎ እንዴትና መቼ እንደምትነግሯቸው እናንተ ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን ዓይናቸው የሚወጣበትን ምክንያት ሳይነገራቸው «ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው» ተብለው ወደ ጠረጴዛው መውጣት የለባቸውም። ዓይኑ የእርሳቸው ነው፣ ፈቃዱም የእርሳቸው።

ስለ ቀዶ ሕክምናው አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። በአገራችን የታወረና የሚያም ዓይን ብዙ ጊዜ የሚታከመው ውስጡን ብቻ ጠርጎ በማውጣትና ነጩን ሽፋን በመተው ነው። ለቆሰለ ወይም መግል ለቋጠረ ዓይን ይህ መልካም ነው፤ ካንሰር ለተጠረጠረበት ዓይን ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ዕጢውን ቆራርጦ መበተን ማለት ነውና። ዓይኑ ሳይከፈት፣ እንደ ድቡልቡልነቱ፣ ከነርቩ ቁራጭ ጋር ሙሉውን መውጣት አለበት። የወጣውም ዓይን አይጣል፤ ፎርማሊን በሚባለው፣ እንዳይበሰብስ በሚያቆይ ፈሳሽ ተቀምጦ ወደ ፓቶሎጂ ይላክ። የፓቶሎጂው ጽሑፍ የሕዋሱን ዓይነትና ዕጢው ከዓይኑ ግድግዳ አልፎ መውጣት አለመውጣቱን ይነግራል፤ አልፎ ከወጣ ተጨማሪ ጨረር ሊያስፈልግ ይችላልና ወረቀቱን ሳትቀበሉ ወደ ወሎ አትመለሱ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በዓይኑ ቦታ ከውስጥ ድቡልቡል ነገር ይተካል፤ እብጠቱ ጠፍቶ ቁስሉ ሲሽር፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ቀኙን የሚመስል ሰው ሠራሽ ዓይን ሊገባ ይችላል። በአንድ ዓይን የቅርብና የሩቅ ርቀት መለየት ለጥቂት ወራት ያስቸግራል፤ እንጨት ሲፈልጡ፣ ማጭድ ሲይዙ፣ ገደላማ መንገድ ሲወርዱ አጠገባቸው ሰው ይኑር። ኋላ ግን ይለምዱታል፣ ማረስም ይችላሉ። ካንሰሩ ወደ ቀኝ ዓይን ይሻገራል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ቀኙ ግን የቀራቸው ብቸኛ ዓይን ነውና የማይሰበር መነጽር ያድርጉ፣ በዓመት አንድ ጊዜም ይታይ፤ በአካባቢያችን ትራኮማ ብዙ ስለሆነ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደሆነም እግረ መንገዱን ይመርመር። የጉበት አልትራሳውንድ በየ6 ወሩ፣ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ ሊቀጥል ይገባል፤ ይህ በሽታ ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ የሚነሣ ነውና «ድነዋል» ተብሎ አይተው።

ጸበሉም ዱዓውም የሐኪም ፈቃድ የሚሹ አይደሉም፤ አባትዎን የሚያጽናና ነገር ሁሉ ይደረግላቸው። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ለዚህ ተብሎ አይተላለፍ፤ ጸሎቱ ከሕክምናው ጎን ለጎን ይሂድ። ዓይኑ ውስጥም፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ሆነ ቁስሉ እስኪሽር፣ ሐኪም ካዘዘው ጠብታ በቀር ውሃም ሆነ የቅጠል ጭማቂ አይግባ። የቅጠል ጭማቂ የዓይንን መስታወት ሲያቃጥል በተደጋጋሚ ይታያል፤ ያልጠራ ውሃም ትኩስ ቁስልን ያመረቅዛል።

ለእርስዎና ለወንድም እህቶችዎ የሚያሰጋ ነገር እምብዛም የለም። የዓይን ሜላኖማ በአብዛኛው ከወላጅ አይወረስም፤ ከቤተሰቡ ሌላ ሰው በዓይን ወይም በቆዳ ሜላኖማ፣ በኩላሊት ካንሰር የታመመ ካለ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ከሌለ ግን የተለየ ምርመራ አያስፈልጋችሁም። በንክኪም አይተላለፍምና አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት አያሰጋም።

የቀረው መንገዱ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሁለቴ እንዳትመላለሱ የአልትራሳውንዱን ምስልና ጽሑፍ፣ የጉበቱንና የደረቱን ውጤት፣ የስኳርና የደም ግፊት ልኬታቸውን አሟልታችሁ ያዙ። የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ማዕከል ለዚህ ተስማሚ ናቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ሪፈሩ በየደረጃው ማኅተም ካላረፈበት ወጪው ላይሸፈን ስለሚችል ከመነሣታችሁ በፊት አረጋግጡ። እስከዚያው ዓይኑ በድንገት ከቀላና ሕመሙ ከበረታ፣ ማስመለስ ከተከተለ፣ ወይም ዓይኑ ወደ ውጭ መገፋት ከጀመረ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ዕለት ደሴ ይዛችኋቸው ግቡ።